ኩባንያው ተሸጧል፤ ደሙስ?

ሐምሌ 2013፣ የሚካኤል ዕለት

ጻፊ የሻረግ። ያልኩትን ብቻ ጻፊ፣ አታሳምሪው።

እኔ ይመር ተሰማ ፊደል አልቆጠርኩም፣ አላፍርበትምም። መሬት ተዋውያለሁ፣ ልጅ ድሬያለሁ፣ በሬ ሸጬ ገዝቻለሁ። ሁሉንም በሰው ፊት በቃሌ ጨረስኩት እንጂ አንድ ቀን ወረቀት ፈልጌ አላውቅም። ዛሬ ግን ኤርሚያስ ከወልድያ በሞተር ሳይክል መጣና ገና ሳይቀመጥ "አያ ይመር፣ ወረቀት አለዎት?" አለኝ።

ኤርሚያስ የዚያ የጀርመን ጉድጓድ ቆፋሪ ኩባንያ አስተርጓሚ ነው።

"የምን ወረቀት?"

"ኩባንያው ተሸጧል። እዚያው ጀርመን አገር፣ ዋናው ቤት። ቻይናዎች ገዙት።"

"ከነምኑ?"

"ከነመኪናው፣ ከነሠራተኛው፣ ከነስሙ።"

"ከነዕዳውስ?"

መሬት መሬት አየ።

ዕዳውን ጻፊ። አምና በጥር የኩባንያው መኪና ልጄን አማኑኤልን ውርጌሳ አስፋልቱ ላይ ገጭቶ ገደለው። ያንቺን ባል። ብዕሩን አታቁሚ የሻረግ፣ ጻፊ። አለቃው ክላውስ ለቅሶ ቤት መጣ፣ መሬት ላይ ተቀመጠ፣ በሼህ እንድሪስ ፊት "ገድለናል" አለ። ሼህ እንድሪስ አበጋራችን ናቸው። የደም ነገር የሚያስታርቁ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም የሚሰማቸው። ክላውስ ብር ላምጣ አለ። የልጄን ደም አልበላም አልኩ። ለዚህ ቀበሌ ውሃ አውጣ፣ ካሳዬ እሱ ነው። እሺ አለ። ቆፈረ፣ ውሃው ተገኘ። አፉን በብረት ክዳን ገጥሞ በብሎን አሰረና ፓምፑ በመርከብ እየመጣ ነው ብሎ ለዕረፍት ወደ አገሩ ሄደ።

ሥርዓቱ ይህ ነው፦ ካሳው ተሟልቶ እስኪፈጸም ባለ ደሙ የካሳውን ውሃ አይቀምስም። ከቀመሰ ነገሩ ተዘጋ፣ ከዚያ ወዲያ አፍ የለውም። ስለዚህ ፓምፑ ሳይተከል ማንም አይጠጣም ብያለሁ።

ወረቀት የለኝም። ወረቀቴ ዛሬ ጀመረ።

ሐምሌ፣ ጊዮርጊስ

ኤርሚያስ ደግሞ መጣ። ሻንጣ ይዟል። ቆቦ በኩል የጦርነቱ ነገር አላማረም ብሎ ወደ አዲስ አበባ ሊሄድ ነው። መርሳ ያለው የኩባንያው ካምፕም ዕቃውን እየጫነ ነው አለ።

"ቁጭ በልና አስረዳኝ" አልኩት። "ቻይናው ኩባንያውን ገዛው ነው ወይስ አገባው?"

ሳቀ። "አያ፣ ወረቀቱ 'ተዋሃዱ' ነው የሚለው። ሁለቱ አንድ ሆኑ።"

"ጋብቻ ነው እንግዲህ። ጥሎሹን ማን ሰጠ?"

"ቻይናው።"

"ሽማግሌ ተልኳል?"

"ጠበቃ ተልኳል።"

"ጠበቃ ሽማግሌ አይደለም። ሽማግሌ ቢሆን ኖሮ 'ሙሽራዋ ቤት ደም አለ ወይ?' ብሎ ይጠይቅ ነበር። እኛ ሰባት ቤት ቆጥረን፣ የደም ነገር አጣርተን ነው ልጅ የምናጭ። ደም ያለበት ቤት የገባ ደሙን ተካፍሎ ይገባል።"

"እዚያ ሰባት ቤት የሚቆጥር የለም አያ። የሚቆጠረው ሌላ ነው።"

"በል ንገራቸው። ገዛን ካሉ፣ ተዋጊ በሬ የገዛ ሰው በሬው ሰው ሲወጋ 'የድሮ ጌታውን ጠይቁ' አይልም። አገባን ካሉ ደግሞ አማች ናቸው። በየትኛው በር ቢገቡ እኔ ደጁ ላይ አለሁ።"

እነግራቸዋለሁ ብሎ ሄደ። ሲሄድ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ። ተነሥ አልኩት። ሰው እንዲህ የሚሰናበተው የማይመለስ ሲመስለው ነው።

ነሐሴ፣ ሥላሴ

ወልድያ ተያዘች ይላሉ። ስልክ የለም። መብራት የለም። የሻረግ ልጇን አዝላ ወደ ጫካ ወጥታ ተመለሰች። እኔ አልወጣሁም። ጉድጓዱ ላይ ነኝ።

ነሐሴ፣ ኪዳነ ምሕረት

ፍልሰታ ተፈታ። በምን እንደተፈታ አይጠየቅ።

ታጣቂዎቹ መርሳ ገብተዋል። የመርሳው የውሃ ሞተር መብራት ስለሌለው ቦኖው ቆመ። ሰው ሁሉ ወደ ወንዝ ሆኗል።

ቻይናው ይህን ይሰማ ይሆን? ልጅ አለው ይሆን?

መስከረም 2014፣ መድኃኔዓለም

ታጣቂዎች ጉድጓዱ ድረስ መጡ። ክዳኑ ላይ ተቀምጬ ነበር።

አንዱ ልጅ እግር "ተነሡ አባት፣ እዚህ ውሃ አለ ተብለናል" አለ።

"ውሃ የለም። ደም ነው ያለው።"

እብድ ነው ተባባሉ በትግርኛ። ትግርኛ እሰማለሁ፣ ቆቦ ገበያ ስንት ዘመን ነግጃለሁ። "እብድስ የላከህ ነው" አልኩት በዚያው በትግርኛ። መሣሪያውን አቀባበለ። ይኸኔ ሽበት ያለው አለቃቸው ነገሩን ጠየቀኝ። ነገርኩት፤ ልጄን፣ መኪናውን፣ ካሳውን፣ ያልመጣውን ፓምፕ፣ ቻይናውን። ጥቂት ቆመና "በእኛም አገር ደም እንዲህ ነው፣ ተውት" ብሎ ይዟቸው ሄደ።

የሻረግ ትከሻዬን በቅቤ ስታሸኝ አመሸች። በሰደፍ የመታኝ የለም። ከክዳኑ ስወርድ ወድቄ ነው። ጻፊ፦ ወድቄ ነው።

ጥቅምት፣ አቦ

ዝናቡ ሄደ፣ ወንዙ ቀጠነ። በላይ በኩል ውጊያ አለ። ወንዙ ይዞት የሚወርደውን አላስጽፍም። ሴቶቹ የሚቀዱት ከእሱው ነው።

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ከኋላዬ አንዷ "ሽማግሌው ሙት ታቅፎ ቋሚውን ያስጠማል" ስትል ሰማሁ። ዞር ስል ሁሉም ነጠላቸውን ያስተካክላሉ። ሲቲ እንኳ ሰላምታዬን በግማሽ ትመልሳለች። ሲቲ የሼህ እንድሪስ ልጅ ናት፣ ጎረቤቴ። አማኑኤል ሲሞት ዳስ ውስጥ ሦስት ቀን ስታስተናግድ የሰነበተች።

እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። ዛሬ ብንጠጣ ነገ ቻይናው መጥቶ "ጠጥታችሁት የለም እንዴ?" ይለኛል። ያኔ አማኑኤል እንደ መንገድ ውሻ ሞቶ ቀረ። ይህን ለማን ላስረዳ? ለዚያች ነጠላ ለምታስተካክል?

ጥቅምት፣ ኪዳነ ምሕረት

የልጅ ልጄ እየሩሳሌም ታመመች። ተቅማጥ ነው። ሙቀቱ ነው ያመጣባት። ጤና ጣቢያው ተዘርፎ ባዶውን ቀርቷል።

ሙቀቱ ነው።

ጥቅምት፣ ገብርኤል

አልተሻላትም። ዓይኗ ገባ። ዛሬ አትጻፊ።

ጥቅምት 20

ይህን የምጽፈው እኔ የሻረግ ነኝ። አባባ አላዘዙኝም።

ጠዋት ከሲቲ ጋር ሆነን ብሎኑን ልንፈታ ሄድን። አባባ እንደ ወትሮው ክዳኑ ላይ ተቀምጠዋል። "ደሙ የኔ ነው" አሉ።

"የኔም ነው" አልኳቸው። "እርስዎ ልጅ አጡ፣ እኔ ባል አጣሁ። ልጄን አልጨምርበትም። ይነሡ አባባ።"

እንዲህ ተናግሬያቸው አላውቅም። ሲቲ "ኧረ በአላህ፣ ቀስ በይ" ትለኛለች። አባባ ዱላቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። እጄን ለድጋፍ ስሰጣቸው አልያዙትም።

አፉ ጠባብ ስለሆነ ጀሪካን አያስገባም። ሲቲ ክንድ ለሚያህል የቧንቧ ቁራጭ ታቹ ላይ የጎማ ክዳን ሠርታለት፣ በገመድ አውርደን ሳብነው። ጎማው ሲወርድ ይከፈታል፣ ሲሳብ ይዘጋል። ውሃው ይበርዳል። እየሩሳሌም ጠጣች።

ጥቅምት፣ አማኑኤል

የጻፍሽውን አንብቢልኝ አልኳት። አነበበችልኝ። ልትሰርዘው ብዕር አነሣች። አይሰረዝም፣ ሐሰት የለበትም አልኳት። እጇን ግን ያልያዝኩት ተቀይሜ አይደለም። ዱላዬ ስለበቃኝ ነው።

ልጅቷ ዛሬ ከዶሮ ጋር ስትሯሯጥ ዋለች። ሙቀቱ አልነበረም።

ለሰው ሁሉ ተናገርኩ። ጠጡ፣ ቅዱ፣ እኔ ግን አልጠጣም። ደሙን የሚጠይቀው አባት ነው። አባት ካልቀመሰ ነገሩ አልተዘጋም። ሼህ እንድሪስ ዘንድ ሄጄ "ሥርዓቱ እንዲህ ይላል አይደል?" አልኳቸው።

"አንተ ይመር" አሉኝ፣ "አባቶቻችን ሥርዓቱን ሲሠሩ እንዳንተ ያለ ደረቅ ይመጣል ብለው አላሰቡም። ግን አይከለክልም።"

"በቃ።"

"ከወንዙ ልትጠጣ ነው?"

"ከወንዙ።"

"እንግዲያውስ አላህ ይጠብቅህ፣ ወንዙ እንኳ አይጠብቅህም።"

ኅዳር፣ ሚካኤል

ሆዴን ትንሽ ይለኛል። እርጅና ነው። ደጅ የምወጣው ደግሞ አየር ለማግኘት ነው፣ የሻረግ ከኋላዬ ፋኖስ ይዛ አትከተለኝ።

ክላውስ እዚያ አገሩ ምን እያደረገ ይሆን? ጥሩ ሰው ነበር። ጥሩ ሰው ቃሉን ለባዕድ ሸጦ ይተኛል? ወይስ እሱንም ሳይነግሩት ነው የሸጡት? እንደ ካምፑ ወንበር ከነተቀማጩ። ቃል የእምነት ዕዳ ነው ይባላል። የእምነት ዕዳ እንዴት ገበያ ይወጣል?

ቻይናው ምን ይለኝ ይሆን።

ኅዳር፣ ጽዮን

ሆዴ ተወኝ። የሻረግ ከወንዝ የምታመጣልኝ ውሃ ሰሞኑን ጠርቷል፣ ይበርዳልም። ወንዝ ሲበጋ ይጠራል ማለት ነው። ድሮም ይህ ወንዝ ክፉ አልነበረም፣ ሰው ነው ስሙን ያጠፋው።

ምን ያስቅሻል? ጻፊ። ምንም አለች። ምንም ብለሽ ጻፊ።

ታኅሣሥ፣ ሚካኤል

ታጣቂዎቹ ወጡ። የእኛ ሠራዊት በአስፋልቱ አለፈ። ሰው ጮኸ፣ ዘፈነ፣ አለቀሰ። መርሳ ሱቆቹ ገርበብ ብለው ባዷቸውን ቀርተዋል። የኩባንያው ካምፕ በሩ እንኳ የለም። ሞተ የተባለ ይመጣል፣ ይመጣል የተባለ ሞቶ ይሰማል። እኔ የምጠብቀው ከሁለቱም አይደለም።

ስልክ ሲመለስ መጀመሪያ ለኤርሚያስ ደውዪ አልኳት።

ጥር 2014፣ ጊዮርጊስ

ኤርሚያስ በሕይወት አለ! ስልኩ ላይ ድምፁን ስሰማ ተሳደብኩ፣ ሌላ ቃል አልመጣልኝም። "አያ፣ ነገርኳቸው፣ ሰው ይልካሉ" አለኝ።

የካቲት፣ ኪዳነ ምሕረት

ቻይናው መጣ። ሚስተር ዋንግ ይባላል። ብዙ ወር በሐሳቤ ስሟገተው ሽማግሌ አድርጌው ነበር። ልጅ ነው፣ ከአማኑኤል ብዙ አይበልጥም። ከመኪናው ወርዶ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ሴቶቹ በገመድ ሲስቡ ቆሞ አየ፣ በስልኩ ፎቶ አነሣ።

"ውሃው እየተጠጣ ነው፣ ደስ ይላል" አለ በኤርሚያስ አፍ።

ይኸው! ብዬ አልነበር?

"እኔ አልጠጣሁም" አልኩት። ቀበሌው ሁሉ "እውነት ነው፣ አልጠጣም" ብሎ መሰከረልኝ። የሻረግ ብቻ እግሯን እግሯን ታያለች።

ዋንግ በፀሐይ የሚሠራ ፓምፕ እንተክላለን፣ ታንከርና ቦኖ እንሠራለን፣ አዲሱ ኩባንያ በጦርነት ለተጎዳ ሕዝብ የሚሰጠው ስጦታ ነው አለ። ሴቶቹ እልል አሉ።

"ስጦታ አይደለም፣ ካሳ ነው" አልኩ።

እልልታው ቆመ። አንዷ "ወይ ጉድ፣ ደግሞ ጀመረው" ስትል ሰማሁ።

ዋንግ አልተቆጣም። "እኛ ስንዋሃድ ከጀርመኖቹ በተረከብነው ሰነድ ላይ ይህ ነገር የለም። እኔም ያን ጊዜ እዚህ አልነበርኩም፣ ቻይና ነበርኩ።"

"እኔም ያን ጊዜ ውርጌሳ አልነበርኩም፣ ማሳዬ ላይ ነበርኩ። ሁለታችንም አልነበርንም። የነበረው አማኑኤል ነው። ክላውስ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት 'ገድለናል' ብሏል። ኩባንያውን ከነስሙ ከወሰዳችሁ፣ ያ 'ገድለናል' ያለው አፍም የእናንተ ነው።"

ኤርሚያስ መተርጎሙን አቆመ።

"ምን ሆንክ?"

"አያ፣ ይህን ካልኩ እንጀራዬ ነው።"

"ይመር አለ በለው። ያንተ አፍ ቱቦ ነው፣ ቱቦ አይታሰርም።"

አለው። ዋንግ ልጁ ስንት ዓመቱ ነበር ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። አንገቱን ደፋ። ያቺን ታህል ሰው ሆነ። ወዲያው ከቦርሳው ወረቀት አውጥቶ እዚህ ላይ ጣትዎን ያድርጉ፣ ያለዚህ ፓምፑ አይመጣም አለኝ። ሰውየው ራሱ ክፉ አይደለም። ወረቀቱን ነው ልከው፣ እሱን ተሸካሚ ያደረጉት።

ለጊዮርጊስ ና፣ እስከዚያ ልጄ ታነብልኛለች አልኩት።

የካቲት፣ ማርያም

እንቅልፍ የለም። ሰው በየተራ እየመጣ ይለምነኛል። "ይመር፣ ጣትህ ከፓምፕ ትበልጣለች?" ይለኛል አንዱ። "ምላስህ ግን ከሁለቱም ታንሳለች" ብዬ መለስኩት። እሱ ሲሄድ ግን የሴቶቹን መዳፍ አሰብኩ። ገመዱ ልጦታል። የሲቲ ተልጧል፣ የየሻረግ ተልጧል። ስትጽፍ ብዕሩን በሁለት ጣቷ ብቻ ነው የምትይዘው። እስከ ዛሬ አላየሁትም ነበር ልበል? አይቼዋለሁ።

አንብቢው አልኳት። "ተቀባዩ፣ ጉድጓዱም ሆነ ፓምፑ ከቀድሞው የመንገድ አደጋ ጋር ምንም ግንኙነት እንደሌለው፣ ካሳም እንዳልሆነ አምኖ ይቀበላል" ይላል። ሁለት ጊዜ አስነበብኳት። በመጀመሪያው ደሜ ፈላ፣ በሁለተኛው ደከመኝ።

የሻረግ ወረቀቱን ገለበጠችው፣ መለሰችው።

"አባባ፣ እነሱ እኮ ፈርመውበታል። ማኅተማቸውም አለ። ባዶ ያለው የእርስዎ ቦታ ብቻ ነው።"

"ታዲያስ?"

"ካሳ አይደለም ብለው በማኅተማቸው ተናገሩ ማለት ነው። ካሳ ካልሆነ፣ ቢጠጡት ምን ይዘጋል?"

ዱላዬን አቀብዪኝ፣ ወደ ሼህ እንድሪስ እንሂድ አልኳት።

ሼሁ ወረቀቱን ደግማ እንድታነብላቸው አደረጉ። ጺማቸውን ያዙ። "ከአነጋገር ይፈረዳል" አሉ። "ይህ ውሃ የኛ ካሳ አይደለም ካሉ፣ እሱን የጠጣ ካሳ ቀመሰ አይባልም። ውሃው የአላህ ነው። ደሙ ግን እንዳለ ነው፣ አንድ ጠብታ አልተከፈለበትም። እኔ አበጋሩ እንዲህ ብዬ ፈርጃለሁ።" ከዚያ ወደ የሻረግ ዞረው "አንቺ ልጅ፣ ወንድ ብትሆኚ ወንበሬን እለቅልሽ ነበር" አሏት። የሻረግ "እንዲሁም ቢለቁልኝ አልጠላም" ብላ መለሰችላቸው! ሼህ እንድሪስ እስኪያስላቸው ሳቁ።

የካቲት፣ ጊዮርጊስ

ዋንግና ኤርሚያስ በጠዋት መጡ። ሰው ሁሉ ጉድጓዱ ዙሪያ ተሰብስቧል። ዋንግ የቀለም ሳጥኑን ከፍቶ አቀረበልኝ።

"ቆይ" አልኩት። የሻረግን ውሃ ቅጂልኝ አልኳት። ከሲቲ ጋር ሳቡ። በጣሳ ሰጠችኝ። በሁሉ ፊት ጠጣሁ። እስከ ታቹ።

ዋንግ ደስ አለው፣ አጨበጨበ። ተስማማ መሰለው። ኤርሚያስ ግን የዚህ አገር ልጅ ነው፣ ዓይኑ ፈጠጠ። "አያ፣ ተዘጋ ማለት ነው?"

"ወረቀታችሁ ካሳ አይደለም ይላል። እሺ፣ አመንኳችሁ። ካሳ ስላልሆነ ጠጣሁት። እንግዲህ የልጄን ካሳ ገና አልከፈላችሁም። ይህን ሳትቀንስ ተርጉምለት።"

ሳይቀንስ ተረጎመ። በዚህ ጊዜ አላቆመም። ዋንግ ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ሼህ እንድሪስን አየ። ጣትዎን ካላደረጉ ፓምፑ አይመጣም፣ እኔ ይህን መለወጥ አልችልም አለ። ያዘነ መሰለኝ።

እኔ ከመመለሴ በፊት ሲቲ ቀደመችኝ። "ክንዳችን ለምዶታል በለው" አለች። ከኋላ ያጉረመረመም አለ፣ ሁሉም ደስ አላለውም፣ እሱንም ጻፊ። ነጠላ የምታስተካክለዋ ሴት እንስራዋን ጥላ ሄደች። ኋላ ግን ተመልሳ ገመዱን ያዘች።

ወረቀታቸውን ጣቴን ሳላደርግበት እኔ ዘንድ አስቀረሁ። ቅጂ አለን አለ ዋንግ፤ እኔም ይኑረኝ አልኩት። መኪናው ሊነሣ ሲል መስኮቱን በዱላዬ አንኳኳሁ። ወረደ።

"አንተ ልጅ፣ ጀርመኑ ሲሸጥላችሁ ደብቋችኋል። እኔ አልደብቅህም። ነገ እናንተም ትሸጣላችሁ፣ ወይ ሌላ ታገባላችሁ፣ የዚህ ዓይነት ቤት አንድ ባል አይበቃውም። ያን ጊዜ ለገዢው እንዲህ በሉት፦ ሀብሩ ወረዳ ላይ ደም አለብን፣ የሟቹ ስም አማኑኤል ይመር ነው፣ አባቱም ሚስቱም አልማሩንም።"

ኤርሚያስ ተረጎመ። ዋንግ ስሙን አንድ ጊዜ በአፉ ሞከረው። "አማኑኤል" አለ፣ እየሰበረው። እኔም አረምኩት። ደገመው። በሁለተኛው ደህና አለው።